ወደ አዲስ አበባ ስደውል የአሜሪካ መንግሥት ሊሰማኝ ይችላል?

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ቆይቻለሁ። በየሳምንቱ አዲስ አበባ ላሉት እናቴና ወንድሞቼ እደውላለሁ። ፖለቲካም እናነሳለን። ባለቤቴ ‹ኤፍቢአይ ይሰማሻል፣ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ይሄ አሜሪካ ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማንም ስልክሽን አይነካም› ትላለች። የቱ ነው እውነቱ? ሕጉስ ከየት የመጣ ነው?»

ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ዳላስ ላለ ዘመድዎ ሲደውሉ የጓደኛዎ አባባል በአብዛኛው ይሠራል። አዲስ አበባ ሲደውሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአሜሪካ የደህንነት ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨቃጨቅ የኖረው በአንድ መስመር ላይ ነው፤ ይሄ ጉዳይ የአገር ውስጥ ነው ወይስ የውጭ? የእርስዎ ስልክ ደግሞ አንዱ ጫፉ እዚህ፣ ሌላው ጫፉ እዚያ ነው። መስመሩ በመሃሉ ያልፋል። ለዚህ ነው ታሪኩን ሳይነግሩ መልሱን ብቻ መናገር የማይቻለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኢትዮጵያ ሲሆን እገልጻለሁ።)

ባለቤትዎ ስሙን ባነሱት በኤፍቢአይ፣ በአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ልጀምር። ይህ መሥሪያ ቤት በአዋጅ አልተቋቋመም። በ1908 ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ቻርልስ ቦናፓርት፣ የናፖሊዮን ወንድም የልጅ ልጅ፣ የራሱ መርማሪዎች አልነበሩትም። በዚያን ጊዜ በግምጃ ቤቱ ሥር ከነበረው ሴክሬት ሰርቪስ እየተዋሰ ነበር የሚሠራው። እንዲህ በውሰት የመጡ መርማሪዎች በምዕራብ ግዛቶች በመንግሥት መሬት ላይ የሚደረገውን ማጭበርበር ሲመረምሩ የኮንግረስ አባላትን ጭምር ለፍርድ አበቁ። ኮንግረስ ተቆጣ። የሩሲያ ዛር ዓይነት ምስጢራዊ ፖሊስ ሊመጣብን ነው ያሉም ነበሩ። በ1908 ሜይ ላይ ምክር ቤቱ መዋሱን በሕግ ከለከለ። ቦናፓርት ግን ምክር ቤቱ ተበትኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጠበቀና ጁላይ 26 ቀን በአንድ ማስታወሻ የራሱን የመርማሪዎች ቡድን አቋቋመ። 34 ሰው ገደማ ነበሩ። ኤፍቢአይ የሚለውን ስም ያገኘው በ1935 ነው።

እስከ ዛሬ ድረስ የኤፍቢአይን ሥልጣንና ወሰን በአንድ ላይ የሚዘረዝር የማቋቋሚያ አዋጅ የለም። በ1979 ረቂቅ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። መሥሪያ ቤቱ የሚመራው በተበታተኑ የሕግ ድንጋጌዎች፣ በፕሬዚዳንት ትዕዛዞችና በጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ መመሪያዎች ነው። መመሪያ ደግሞ ያወጣው ሰው ሲሄድ ሊለወጥ ይችላል። ስልክና ኢንተርኔትን በመጥለፍ የሚታወቀው ኤንኤስኤም እንዲሁ ነው። በ1952 ፕሬዚዳንት ትሩማን በምስጢር ትዕዛዝ አቋቋመው። ለብዙ ዓመታት መኖሩ እንኳ በይፋ አይነገርም ነበር። በአዋጅ የተወለደው የውጭ ስለላ መሥሪያ ቤቱ ሲአይኤ ነው። የ1947 ሕግ ሲፈጥረው አንድ ክልከላ አብሮ ጻፈ፤ የፖሊስ ሥልጣን አይኖረውም፣ በአገር ውስጥ ደህንነት ውስጥም አይገባም። መስመሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የተሰመረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስልክ ጠለፋው። የሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ያለ በቂ ምክንያት መበርበርን ይከለክላል። ግን በተጻፈበት ዘመን ስልክ አልነበረም። ሮይ ኦልምስቴድ የሚባል የሲያትል የቀድሞ ፖሊስ፣ በመጠጥ ክልከላው ዘመን መጠጥ ያስገባ የነበረ፣ ስልኩ ተጠልፎ ተከሰሰ። በ1928 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደበት። መርማሪዎቹ ቤቱ አልገቡም፣ ሽቦውን የነኩት ውጭ ነው፣ ስለዚህ ብርበራ የለም አለ። ዳኛ ብራንዳይስ በልዩነት ሐሳቡ አንድ ቀን መንግሥት የሰውን ወረቀት ከመሳቢያው ሳያወጣ ማንበብ የሚችልበት ዘዴ ይመጣል ብሎ አስጠነቀቀ። ይህን የጻፈው ኮምፒውተር ገና ሳይታሰብ ነው።

ብይኑ ለመገልበጥ 39 ዓመት ፈጀ። በ1967 ካትዝ በሚባለው ጉዳይ የኤፍቢአይ ሰዎች በሎስ አንጀለስ የሕዝብ ስልክ መደወያ ሳጥን ላይ ከውጭ ማዳመጫ ለጥፈው የአንድ ቁማርተኛ ንግግር ቀዱ። ፍርድ ቤቱ አሁን ሌላ ነገር አለ። አራተኛው ማሻሻያ የሚጠብቀው ሰውን ነው፤ ስለዚህ ከዳኛ ትዕዛዝ ውጭ መጥለፍ አይቻልም አለ። ግን በግርጌ ማስታወሻ አንድ በር ክፍት ተወ። የብሔራዊ ደህንነት ጉዳይ ሲሆንስ? ያንን ዛሬ አንወስንም አለ።

የኒክሰን መንግሥት በዚያ በር ገባ። በ1968 ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር በሚባል ከተማ የሚገኝ የሲአይኤ ቢሮ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ነበር። ከተከሰሱት አንዱ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በተጠለፈ ስልክ ላይ ድምፁ ተገኘ። ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ለብሔራዊ ደህንነት ሲባል ፕሬዚዳንቱ ራሱ መፍቀድ ይችላል ብሎ ተከራከረ። የዲትሮይቱ ዳኛ ዴመን ኪት አልተቀበለውም። በዘር ምክንያት በሚሰለሉበት ዘመን የኖረ ጥቁር ዳኛ ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 19 ቀን 1972 ዳኞቹ 8 ለ0 ወሰኑ፤ አገር ውስጥ ባለ ዜጋ ላይ ደህንነት በሚል ስም ብቻ ያለ ትዕዛዝ መጥለፍ አይቻልም። ብይኑን የጻፈው ኒክሰን ራሱ የሾመው ዳኛ ፓውል ነው። የኒክሰንን ተቀናቃኝ ፓርቲ ቢሮ ሰብረው የገቡት የዋተርጌት ሰዎች ከተያዙ ገና ሁለት ቀናቸው ነበር።

ይህን ብይን በጣም አከብረዋለሁ። ጓደኛዎ «ያለ ፍርድ ቤት ማንም አይነካሽም» ስትል ሳታውቀው የምትጠቅሰው እሱን ነው። ግን ብይኑ ራሱ ጉዳዩ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲያያዝ ያለውን ሕግ አንወስንም ብሎ በግልጽ አስቀምጧል። ከዚያ በኋላ ያለው ሕግ ሁሉ የተሠራው በዚህ ክፍት ቦታ ላይ ነው።

በኤፍቢአይ ፋይሎች ውስጥ ምን እንዳለ ሕዝብ ማወቅ የጀመረው ግን ከዚህ ብይን ቀደም ብሎ ነው። ያወቀው በሌብነት ነው። በማርች 8 ቀን 1971 ማታ፣ አገሩ ሁሉ የመሐመድ አሊንና የጆ ፍሬዘርን ቡጢ ሲከታተል፣ ስምንት ሰዎች በፔንሲልቬኒያ ሚዲያ የምትባል ትንሽ ከተማ የኤፍቢአይን ቢሮ ሰብረው ገቡ። ከ1,000 በላይ ሰነድ ይዘው ወጡና ለጋዜጦች ላኩ። አልተያዙም። አብዛኞቹ ስማቸውን የገለጹት በ2014 ነው። ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ «ኮይንቴልፕሮ» የሚል እንግዳ ቃል ነበር። ካርል ስተርን የተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ይሄ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሲከለከል በመረጃ ነፃነት ሕጉ ከሰሰ፣ አሸነፈም።

ኮይንቴልፕሮ ከ1956 እስከ 1971 የሠራ ዘመቻ ነው። ወንጀል መመርመር አልነበረም ዓላማው። ኮሚኒስቶችን፣ የጥቁሮችን የመብት ድርጅቶች፣ የጦርነት ተቃዋሚዎችን፣ የነጭ ዘረኞቹን ቡድን ኩ ክሉክስ ክላንንም ጭምር ከውስጥ ማፍረስ ነበር። ጆሮ ጠቢ ማስገባት፣ የሐሰት ደብዳቤ መጻፍ፣ ባልና ሚስት ማጣላት፣ ሰውን ከሥራ ማስባረር። በ1964 ለማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የሌለው ደብዳቤ ከተቀዳ ድምፅ ጋር ተላከ። ደብዳቤው ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋ ነበር። የላከው ኤፍቢአይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኤድጋር ሁቨር ከ1924 ጀምሮ በ1972 እስኪሞት 48 ዓመት በወንበሩ ላይ ቆየ። ዛሬ የኤፍቢአይ ኃላፊ ሥልጣን በሕግ 10 ዓመት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1974 ዲሴምበር ሲይሞር ኸርሽ በኒውዮርክ ታይምስ ሲአይኤ በአገር ውስጥ ዜጎችን እንደሚሰልል ጻፈ። የ1947ቱ ክልከላ ተጥሷል ማለት ነው። ሴኔቱ 82 ለ4 ድምፅ ሰጥቶ በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ያገኙትን ሁሉ እዚህ ማስፈር አይቻልም። ለእርስዎ ጥያቄ የሚቀርበውን ብቻ ልንገርዎ።

ሲአይኤ በኒውዮርክ ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚሄድና ከዚያ የሚመጣ ደብዳቤ ለ20 ዓመት ይከፍት ነበር። ከ215,000 በላይ ደብዳቤ ተከፍቶ ፎቶ ተነሥቷል። ኤንኤስኤ ደግሞ ከ1945 ጀምሮ እስከ 1975 የቀጠለ ሻምሮክ የሚባል ሥራ ወርሶ ነበር። ሦስት ትልልቅ የቴሌግራም ኩባንያዎች ወደ ውጭ የሚሄደውንና የሚገባውን ቴሌግራም ቅጂ በየቀኑ ያስረክቡ ነበር። ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ሕግ። መጨረሻ አካባቢ በወር 150,000 ያህል መልእክት በሰው ዓይን ይታይ ነበር። ኤንኤስኤ በሚከታተላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ኪንግና መሐመድ አሊ ነበሩ። ፍራንክ ቸርች ራሱ እንደነበረበት የታወቀው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው።

ልብ ይበሉ፣ ከእነዚህ ደብዳቤዎችና ቴሌግራሞች ብዙዎቹ ቤተሰብ ያለው፣ ነጋዴ የሆነ፣ ውጭ አገር ጓደኛ ያለው ተራ ሰው መልእክቶች ናቸው። ድንበር መሻገራቸው ብቻ ነው ለመታየት ያበቃቸው። ስደተኛ ማኅበረሰብ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ማወቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ከቸርች ኮሚቴ የወጣው ትልቁ ሕግ በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት የውጭ ስለላ ክትትል ሕግ ነው። በአጭሩ ፊሳ ይሉታል። ክፍት የቀረውን ቦታ ለመሙላት የተሞከረው በዚህ ነው። መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ያለን ሰው ለውጭ ስለላ ጉዳይ ሊጠልፍ ከፈለገ ልዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያ ሰው የውጭ መንግሥት ወይም የሽብር ድርጅት ወኪል ለመሆኑ በቂ ምክንያት ያሳያል። ችሎቱ ዝግ ነው። በአብዛኛው የሚቀርበው መንግሥት ብቻ ነው። እስከ 2012 ድረስ ከ33,000 በላይ ማመልከቻ ቀርቦ ሙሉ በሙሉ ውድቅ የተደረገው 11 ነው። መንግሥት ማመልከቻው በጥንቃቄ ስለሚዘጋጅ ነው ይላል፤ በከፊልም እውነት ነው። ግን ሌላው ወገን የማይሰማበት ችሎት ጎደሎ ችሎት ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር። ፊሳ የሚጠብቀው ዜጋን ብቻ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለውም እኩል ይጠበቃል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም በቪዛ ያለ ሰው ግን በዚህ ምድብ ውስጥ አይገባም።

ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። የቡሽ መንግሥት ፊሳን ዘሎ ወደ ውጭ የሚደረጉ ግንኙነቶችን ያለ ትዕዛዝ መጥለፍ ጀመረ። ኒውዮርክ ታይምስ በ2005 ዲሴምበር አወጣው። እንደ 1970ዎቹ ሥራው ይታገዳል ብለው የጠበቁ ነበሩ። ኮንግረስ ግን በ2008 ዋናውን ነገር ሕጋዊ አደረገው። ይህ ነው የፊሳ ክፍል 702 የሚባለው፣ የጥያቄዎ እምብርትም እሱ ነው።

702 እንዲህ ይሠራል። ዒላማ መሆን የሚችለው አሜሪካዊ ያልሆነና ከአሜሪካ ውጭ የሚገኝ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ዒላማ የዳኛ ትዕዛዝ አያስፈልግም። ፍርድ ቤቱ በዓመት አንዴ አጠቃላይ አሠራሩን አይቶ ያጸድቃል። በ2022 የዒላማዎቹ ቁጥር 246,073 ነበር። ዒላማው ወንጀለኛ ወይም ሽብርተኛ መሆን የለበትም። ለአሜሪካ የውጭ ግንኙነት የሚጠቅም መረጃ አለው ተብሎ መታሰቡ ይበቃል። ባለሥልጣን፣ ነጋዴ፣ ፖለቲከኛ ሊሆን ይችላል።

እርስዎ ዒላማ መሆን አይችሉም። እርስዎን ለመስማት ሲሉ እናትዎን ዒላማ ማድረግም ሕጉ በግልጽ ይከለክላል። ግን ወንድምዎ በራሱ ምክንያት ዒላማ ቢሆን እርስዎ ከእሱ ጋር የሚያወሩት አብሮ ይቀዳል። ይህ ሕጉ አስቀድሞ ያወቀውና የፈቀደው ነው። የተቀዳው ይቀመጣል። በኋላ ኤፍቢአይ የእርስዎን ስም ወይም ስልክ ቁጥር አስገብቶ ሊፈልግ ይችላል፤ ለዚህ ፍለጋ በአብዛኛው የዳኛ ትዕዛዝ አይጠየቅም። በ2023 ይፋ የሆነ የፊሳ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዳሳየው ኤፍቢአይ ይህን ፍለጋ ከ278,000 ጊዜ በላይ ከደንቡ ውጭ ተጠቅሞበታል። በጆርጅ ፍሎይድ ግድያ ጊዜ በተቃውሞ የተያዙ ሰዎች ስም ጭምር ተፈልጓል። በ2024 ኤፕሪል ለዚህ ፍለጋ የዳኛ ትዕዛዝ ይጠየቅ የሚል ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ 212 ለ212 እኩል ወጣ። እኩል ማለት ወደቀ ማለት ነው። በዚያው ወር ሕጉ ለሁለት ዓመት ታደሰ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ማሻሻያው ማለፍ ነበረበት። መሰብሰቡ በውጭ ሰው ላይ ቢሆንም ፍለጋው በአገር ውስጥ ሰው ላይ ነው፣ የ1972ቱ ብይን መንፈስም ያንን ይጠይቃል።

እንግዲያው ፍርድ ቤት ሄጄ ልክሰስ ቢሉስ? ተሞክሯል። ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና የመብት ድርጅቶች፣ እንደ እርስዎ ዘወትር ውጭ የሚደውሉ፣ 702ን ከሰሱ። በ2013 ፌብሩዋሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 መለሳቸው። ስለመጠለፋችሁ ማስረጃ የላችሁም፣ ፍርሃታችሁ ግምት ነው አላቸው። ምስጢር የሆነውን ነገር ማስረጃ አምጣ ማለት ነው። መንግሥት በዚያ ክርክር ላይ ‹በዚህ መንገድ የተገኘ ማስረጃ በክስ ላይ ስንጠቀም ለተከሳሹ እንነግረዋለን› ብሎ ነበር። አይነግሩም ነበር። ለኤንኤስኤ በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን በዚያው ዓመት ጁን የመሥሪያ ቤቱን ምስጢራዊ ሰነዶች ካወጣ በኋላ ነገሩ ተነሣና፣ በኦክቶበር ኮሎራዶ ውስጥ ለተከሰሰ አንድ ስደተኛ የመጀመሪያው ማሳወቂያ ደረሰው። ሕጉ ከጸደቀ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር።

የመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ኢትዮጵያ ነው፣ ይህንን ጠያቂዬ አላነሡትም። በወንድምዎ በኩል ያለው ስልክ በኢትዮጵያ ሕግ ሥር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎትን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ 804/2005 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ክትትልን በፍርድ ቤት ፈቃድ አስሯል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሆነው ግን ይህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ ዜጋ በኢሜይል በመጣ ሰነድ በኩል ኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ተተክሎ አገኘ። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ኪዳኔ በሚል መጠሪያ ነው የተከራከረው። ክሱ እንደሚለው የስካይፕ ጥሪዎቹ ለወራት እየተቀዱ ኢትዮጵያ ወዳለ ሰርቨር ይላኩ ነበር፣ ቤተሰቡ ኮምፒውተሩን የተጠቀመበትም ጭምር።

በ2017 ማርች የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። የውጭ መንግሥትን አሜሪካ ውስጥ ለመክሰስ ጥፋቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ መፈጸም አለበት፤ እዚህ ግን የታቀደውና የተላከው ከውጭ ነው አለ። ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ፣ ሰውየው ሜሪላንድ፣ ጉዳቱ ሜሪላንድ። ሆኖም ላኪው ከድንበር ማዶ ስለሆነ የሚሰማው ዳኛ አጣ። ይህ ብይን ያሳዝነኛል። ኮንግረስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያስተካክለው ይችላል፤ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ለተወካዮቻቸው ሲጽፉ ይህን ጉዳይ ቢጠቅሱ እወዳለሁ።

ወደ ቤትዎ ልመለስ። ለባለቤትዎ፦ ኤፍቢአይ ቁጭ ብሎ የሳምንቱን የቤተሰብ ወሬ አይሰማም። ፖለቲካ ማውራት ወንጀል አይደለም፣ በሐሳብ ብቻ በእርስዎ ላይ የፊሳ ትዕዛዝ ማውጣትም ሕጉ ይከለክላል። ለጓደኛዎ፦ ያለ ፍርድ ቤት የሚለው ወደ ውጭ በሚደረግ ጥሪ ላይ እንደምታስበው አይሠራም።

በስምዎ ፋይል ካለ ለማወቅ ከፈለጉ በመረጃ ነፃነት ሕጉና በ1974ቱ የግል መረጃ ሕግ ኤፍቢአይን መጠየቅ ይችላሉ። የደህንነት ጉዳይ ሲሆን ‹አለም የለምም አንልም› የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ፍርድ ቤቶችም ይህን መልስ ይቀበላሉ። ከስልኩ በላይ ባለቤትዎ ቢያስቡበት የምመርጠው ግን ሌላ ነው። የኤፍቢአይ ሰዎች በር ቢያንኳኩ ያለ ጠበቃ አላናግርም ማለት መብት ነው። ለፌዴራል መርማሪ ሐሰት መናገር ግን፣ ቃለ መሐላ ባይኖርም፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ደንግጦ ‹እሱን ሰውዬ አላውቀውም› ማለት ብቻውን ሊያስከስስ ይችላል። ካርዳቸውን ተቀብለው ጠበቃዬ ይደውልላችኋል ይበሉና በሩን በትህትና ይዝጉ።